ከተማዋ የቱ ጋ ታበቃለች? በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ከተሞች መሬት፣ ሕዝብና አስተዳደር

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ የወጣ ሰው ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፎ 110ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጫጫን ያገኛል። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጨምር ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዶ በረት፣ ጣርማ በር እያለ ይቀጥላል። ለአላፊው እነዚህ ከተሞች ከመኪና መስኮት የሚታዩ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ናቸው። ቤት ሊከራይ፣ ቦታ ሊገዛ ወይም ሱቅ ሊከፍት የመጣ ሰው ግን ከተማዋ የቱ ጋ እንደምታበቃ ማወቅ ይኖርበታል፤ ለዚህ ደግሞ አንድ መልስ አያገኝም። ገበሬው በእርሻው ዳር የሚያውቀው ወሰን አለ፣ ሕዝብ የተቆጠረበት ወሰን አለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በፕላን ያሰመረው አለ። ሦስቱ አይገጥሙም። በከተማ ዳርቻ የሚታየው አብዛኛው ጣጣም የሚመጣው ከዚሁ አለመግጠም ነው።

አስቀድሞ አንድ መደናገር ይጥራ። ሰሜን ሸዋ የሚባሉት ዞኖች ሁለት ናቸው፤ የአማራው መቀመጫ ደብረ ብርሃን፣ የኦሮሚያው ፍቼ ነው። ሸኖ በኦሮሚያው፣ ጫጫ በአማራው ይገኛሉ። በአንድ አስፋልት ላይ ተከታትለው ቢቀመጡም የክልል ደንባቸው፣ የገቢ ቢሯቸውና የሥራ ቋንቋቸው ይለያያል። ስለዚህ ማመልከቻ ላይ «ሰሜን ሸዋ ዞን» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም፤ ክልሉም መጻፍ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ስለ አማራው ሰሜን ሸዋ ነው።

ደጋው

ጫጫም ደብረ ብርሃንም ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሜዳው ለዓይን ጠፍጣፋ ቢመስልም ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። እዚህ የወረደ ዝናብ በጫጫና በበሬሳ ወንዞች አድርጎ ጀማ ይገባል፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ወደ ምሥራቅ፣ በአንኮበር በኩል ግን ደጋው እንደ ግድግዳ ይቆረጥና ውሃው ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

ከፍታው በየቤቱ ይሰማል። ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽንብራ ከቆላው ይልቅ ረጅም ሰዓት ምድጃ ላይ ይቆያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ውርጩ አበባ ላይ ያለ ባቄላን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል፤ ባቄላን ብቻ ሳይሆን ግንባታንም ይጎዳል። ወደ ማታ የተሞላ ኮንክሪት ወይም የተለጠፈ ልስን ገና ሳይጠነክር በውስጡ ያለው ውሃ ከቀዘቀዘ፣ ጠዋት ደህና መስሎ ይታይና በሳምንቱ ፊቱ እየተፈረፈረ ይረግፋል። በእነዚህ ወራት ኮንክሪት ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ተሞልቶ፣ ማታ በጭድና በሸራ መሸፈን አለበት።

ከቅዝቃዜው ይልቅ ገንዘብ የሚበላው ግን አፈሩ ነው። ከወንዞቹ ዳርና ከሜዳው ዝቅ ካለው ክፍል ብዙው ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይጨማደድና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ያረፈ ቤት በዓመት አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። የሚሰነጠቀውም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቦታ ነው፦ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ቦታ የሚያይ ሰው ከመሬቱ በፊት የጎረቤቶቹን ግድግዳ ቢያይ ብዙ ይማራል፤ በተለይ ከክረምት በፊት ግንቦት ላይ ቢሄድ ስንጥቁን በስፋቱ ያገኘዋል።

መፍትሔው ጥልቀት መለካት ነው። በቦታው ሁለት ሦስት ማዕዘን ላይ ጉድጓድ ይቆፈርና ጥቁሩ የት ላይ አልቆ ቀዩ ወይም አለቱ እንደሚጀምር ይታያል። ጥቁሩ አፈር 1 ሜትር አካባቢ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ ሙሌት መተካት፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እያጠጡ መጠቅጠቅ ያዋጣል። ከዚያ በላይ ከጠለቀ መሠረቱ ራሱ ጠንካራው ድረስ መውረድ አለበት፤ የሚያስፈልገው መሐንዲስ ነው፣ ግንበኛ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው የሚረሳው ወለሉን ነው። መሠረቱን አጠንክሮ ወለሉን በጥቁር አፈር ላይ ካፈሰሰ ግድግዳው ቆሞ ወለሉ ብቻውን ይነሳል። ከቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ንጣፍና የጣሪያ ውሃ የሚወስድ ቦይ ማድረግም የቅንጦት ነገር አይደለም፤ አፈሩ በአንድ ወገን ረጥቦ በሌላው እንዳይደርቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ስለ ከተሞቹ ቅርጽም ትንሽ እንበል። ከጫጫ ብዙም ሳይርቅ አንጎለላ አለ፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረና አጼ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት። ዛሬ ወረዳው አንጎለላና ጠራ ተብሎ ስሙን ይጠራበታል እንጂ ከተማ ሆና ያደገችው አስፋልቱ ላይ ያለችው ጫጫ ናት። በዚህ ደጋ ላይ ከተማ የሚያበቅለው መንገድ ነው። ለዚህም ነው ትናንሾቹ ከተሞች ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ረጃጅምና ቀጫጭን የሆኑት። ይህ ቅርጽ ወጪ አለው። ውሃም መብራትም በአንድ ረጅም መስመር ስለሚሄድ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት የሚደርሰው የተረፈው ነው።

ሕዝቧ ስንት ነው?

በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ነው፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይላል፤ አራተኛው ግን ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ «የከተማችን ሕዝብ ይህን ያህል ነው» የሚል ወረቀት ሁሉ፣ አንድም የ1999 ቁጥር ነው፣ አንድም ከእሱ የተሰላ ትንበያ ነው፣ አንድም የቀበሌ መዝገብ ነው።

በ1999 ቆጠራ ዞኑ 1,837,490 ሕዝብ ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ ከተሜ የተባለው ከመቶ 12 ያህሉ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን 65,231 ነበረች። ያኔ ዩኒቨርሲቲዋ ገና መጀመሩ ነበር፤ የቢራ ፋብሪካዎቹም የኢንዱስትሪ ፓርኩም አልነበሩም። ፋብሪካ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ መሃል ከተማ ኪራይ ሲወደድ ሠራተኛው ወደ ዳርቻ ይወጣል። ከግጭት የተፈናቀሉ ወገኖችም ተጨምረዋል። ይህን ሁሉ አንድ ቋሚ የዕድገት መጠን አይይዘውም።

ነገሩን በስሌት ማየት ይሻላል። በ1999 ዓ.ም. 5,000 ነዋሪ የነበራት ከተማ አለች እንበል። በዓመት 2.5 ከመቶ አድጋለች ከተባለ ከ18 ዓመት በኋላ 7,800 ገደማ ትሆናለች። 4 ከመቶ ከተባለ 10,100 ታልፋለች። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ አንድን ቦታ ከተማ የሚለው ማዘጋጃ ቤት ከተቋቋመበት፣ ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት ከሠራተኛው ግማሹ ከግብርና ውጪ ከተሰማራ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ደግሞ ተፈጻሚነቱን ከ10,000 በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች ወስኖ ነበር። አንዷን ከተማ በአንዱ ትንበያ የሕንፃ ሕግ የሚመለከታት፣ በሌላው የማይመለከታት ያደርጋታል ማለት ነው።

የቁጥሩ ሌላ ጉድለት ወሰን ነው። ቆጣሪው ከከተማው መስመር ወዲያ ያለውን ቤት በገጠር ቀበሌ መዝግቦታል። ያ ቤት ዛሬ አስፋልት ላይ በር ከፍቶ ሱቅ ቢሆንም፣ በመስመሩ ምክንያት ቁጥሩ ገጠር ላይ ይቀራል። የዳርቻ ከተማ ሕዝብ ብዙውን ጊዜ ከሚታየው አንሶ የሚጻፈው ስለዚህ ነው።

ትንበያው ማነሱን የሚያጋልጥ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ጤና ጣቢያው ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ቁጥር የሚያሰላው ከትንበያው ሕዝብ ላይ ነው። ሪፖርቱ የክትባት ሽፋን «ከመቶ 115» ካለ፣ ሕፃናት ሁለት ጊዜ ተከትበው ሳይሆን አካፋዩ አንሷል፤ ከአጎራባች ቀበሌ የሚመጡት እናቶች እንደተጠበቁ ሆነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ የያዙት የቤተሰብ ማኅደር ለእውነቱ ይቀርባል። የውሃ ቆጣሪን በቤተሰብ ብዛት ማባዛት ግን ያሳስታል፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ አምስትና ስድስት ተከራይ አለ።

ማን ነው የሚያስተዳድራት?

በአማራ ክልል ከተሞች በደረጃ ይለያያሉ። የራሱ ምክር ቤት፣ ከንቲባና በጀት ያለው ከተማ አስተዳደር ነው። ከዚያ ዝቅ የሚሉት መሪ ማዘጋጃ ቤትና ንዑስ ማዘጋጃ ቤት በወረዳ ሥር ሆነው በሥራ አስኪያጅ ይመራሉ። ደብረ ብርሃን ራሷ ሬጂዮፖሊታን የሚባለውን ከፍ ያለ የከተማ ደረጃ ይዛ በክፍለ ከተማ ተደራጅታለች። በዙሪያዋ ያሉት ወረዳዎች ባሶና ወራናና አንጎለላና ጠራ ናቸው። እናም በከተማዋ ጫፍ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ በክፍለ ከተማ፣ ሌላው በወረዳ ሥር ሆነው ማየት አያስደንቅም። መስኮት ላይ «ጋሼ፣ ይሄ እኛ ጋ አይደለም፣ ወረዳ ነው» የሚባለው ሁልጊዜ ማመላለስ አይደለም፤ አንዳንዴ እውነት ነው። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ይህ ቦታ በየትኛው ቀበሌ፣ ቀበሌውስ ለማን ተጠሪ ነው?» የሚል ነው።

ሁለት ዓይነት ሥራ መለየትም ይጠቅማል። ማዘጋጃ ቤታዊ የሚባለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ጽዳት፣ ገበያ፣ ቄራ፣ የመቃብር ቦታ፣ የግንባታ ፈቃድና የመሬት አገልግሎት ነው፤ ወጪው ከከተማው ከራሱ ኪስ ይሸፈናል። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ፖሊስ ግን ከክልል በሚወርደው ድጎማ በጀት ይሄዳሉ። በመሪ ማዘጋጃ ቤት ደረጃ ያለች ከተማ ትምህርት ቤቷ ጣሪያው ቢያፈስ ሥራ አስኪያጁ ብዙ የሚያደርገው የለም፤ በጀቱ ወረዳው ጋ ነው። በር ላይ ያለው ጉድጓድ መንገድ ግን የእሱ ነው። የደሴው አስፋልት ደግሞ የሁለቱም አይደለም፣ የፌዴራል ነው፤ ጥጉ ላይ መገንባት የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ብቻ አይበቃውም።

የከተማው ኪስ ምንድን ነው? የቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ ማለትም ሰው ጣሪያና ግድግዳ የሚለው፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የተመሠረተው በ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ተመን የሚሰበሰብ ግብር አንድ ቦይ አያስቆፍርም። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ግብር አዋጅ ወጥቷል፤ ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ያስፈጽሙታል። እስከዚያው ትንሿን ከተማ የሚያንቀሳቅሳት የሊዝ ገንዘብ ነው። ይህ ደግሞ ክፉ ልማድ አለው። መሬት ሲሸጥ መንገድ ይሠራል፣ ሳይሸጥ ሲቀር ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና ነዳጅ ያጣል። ከተማዋ ወደ ጎን እንድትሰፋ የሚገፋት ይኸው ነው።

ቀበሌ ላይ ተራ ነዋሪ የሚሄድበት ጉዳይ ይበዛል። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው መሸኛ ከቀድሞው ቀበሌ ሳይዝ መታወቂያ አያገኝም። ፋይዳ መያዝ ማንነትን ያረጋግጣል እንጂ ነዋሪነትን አይተካም። ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ቀኑ ካለፈ ምዝገባው አይከለከልም፣ ማስረጃና ምልልስ ግን ይጨምራል። ብዙ ወላጅ የልደት ሰርተፊኬት ትዝ የሚለው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው።

ዳርቻው ላይ የሚሆነው

ማዘጋጃ ቤቱ የፕላን መስመሩን ወደ እርሻ ሲያሰፋ መሬቱ በዚያው ቀን የከተማ አይሆንም። ገበሬው ካሳ ተከፍሎት እስኪለቅ ድረስ የገጠር ይዞታ ነው፤ በእጁ ያለውም የገጠር ደብተር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በቋሚነት ለሚለቀቅ እርሻ ካሳውን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወስዶ በ15 ያበዛዋል። ከአንድ ማሳ በተሻለው ዓመት 80,000 ብር ካገኘ፣ 1,200,000 ብር ማለት ነው። ትንሽ ከተማ ይህን ለአሥርና ለሃያ ገበሬ በአንዴ መክፈል ያቅታታል። መስመሩ ተሰምሮ ካሳው ይዘገያል። ገበሬው ነገ የሚወሰድ መሬት ላይ ፍግ አያፈስም፣ ዛፍ አይተክልም። ገዢ ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል።

የጨረቃ ቤት የሚበቅለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሽያጩ በሽማግሌ ፊት ይፈጸማል፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ኪራይ»፣ «ስጦታ» ወይም «ብድር» ተብሎ ይጻፋል፤ መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተከለከለ ስለሆነ። ውሉ በተዋዋዮቹ መካከል እስከተስማሙ ድረስ ይሠራል። የሻጩ ልጆች ሲያድጉ፣ ወይም ካሳው ሲመጣና ክፍያው በደብተሩ ባለቤት ስም ሲወጣ ግን ገዢው ባዶ እጁን ይቀራል። ሽማግሌዎቹም ቢመሰክሩ የሚመሰክሩት ስለ ኪራይ ወይም ስለ ስጦታ ነው።

ካርታ የሌለው ቤት በስሙ ቆጣሪ ስለማያገኝ ከጎረቤት ይቀጥላል። እዚህም ዋጋ አለ። 150 ሜትር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ የተጎተተ መብራት፣ 3,300 ዋት የሚስብ ምጣድ ሲለኮስ ከ220 ቮልት ወደ 190 ገደማ ይወርዳል። ምጣዱ የኃይሉን ሩብ ያጣል፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፣ ሰውም ምጣዱን ወይም ሊጡን ይወቅሳል።

በሕጋዊ መንገድ ቦታ የሚገኘው በዋናነት በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ጨረታ የሚመዘነው ለዋጋ 80 ከመቶ፣ ለቅድሚያ ክፍያ 20 ከመቶ ተሰጥቶ ነው። የመኖሪያ ሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት፣ ዝቅተኛው ቅድሚያ ክፍያ 10 ከመቶ ነው። ለምሳሌ 200 ካሬ በ3,000 ብር ቢወጣ ጠቅላላው 600,000፣ ቅድሚያው ቢያንስ 60,000 ይሆናል። ቀሪው ወለድ እንዳለበት ብዙ ተጫራች ልብ አይለውም። ሌላው ወጥመድ ነባር ይዞታ ነው። በውርስ ካልሆነ በስተቀር በሽያጭም ሆነ በስጦታ ለሌላ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ ገዢው ለሻጩ ከከፈለው ሌላ ለማዘጋጃ ቤቱም የሚከፍለው ይመጣል።

ቤት ያለበትን ይዞታ የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ይሂድና ፋይሉን ያስከፍት። እግድ አለ ወይ? የባንክ ዕዳ አለ ወይ? የዘንድሮው ግብር ተከፍሏል ወይ? በፕላኑ ላይ መንገድ ያልፍበታል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ካርታ ላይ አይታይም፤ የፕላን ባለሙያው ብቻ ነው የሚመልሰው።

ከዚያ ቦታው ላይ ሄዶ መለካት ነው። ካርታው ላይ የየማዕዘኑ መገኛ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ተጽፏል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በስልኩ ይሳሳታል። ካርታው «አዲንዳን፣ ዞን 37» የሚል ከሆነ ቁጥሩ የተለካው አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው፤ ስልኩ ደግሞ የሚጠቀመው ዓለም አቀፉን ሥርዓት ስለሆነ፣ የካርታውን ቁጥር እንዳለ ስልክ ውስጥ ማስገባት ቦታውን ወደ ደቡብ 200 ሜትር፣ ወደ ምዕራብ 90 ሜትር ገደማ አሽሽቶ ያሳያል። በጠባብ ከተማ ይህ ሌላ ሰፈር ነው፤ አንዳንዴም የሌላ ቀበሌ የገብስ ማሳ። ቀያሹ መቀየሪያውን ያውቀዋል፤ ወይም ስልኩ ላይ የሥርዓቱን ስም መለወጥ የሚያስችል የካርታ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል። ያም ሆኖ የስልክ ስህተት አራት አምስት ሜትር ስለሆነ አጥር አይተከልበትም። ስልኩ የሚበቃው «ትክክለኛው ማሳ ላይ ነን ወይ?» ለሚለው ነው። ለአጥሩ ችካሉን ማዘጋጃ ቤቱ በቀያሹ ያስመታ፣ አዋሳኞቹም በአራቱም ማዕዘን ቆመው ይዩ።